በንዴት የገዛሁት የብየዳ ማሽን

የብየዳ ማሽን የገዛሁት በንዴት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ጋራዥ መመላለስ ሰልችቶኝ» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። የገዛሁት የቀድሞ ባሌ የፒካፔ ሻንሲ ለሁለት እስኪበጠስ ድረስ ጥርሱን እየፋቀ ይጠብቅ ስለነበር ነው።

ሰውዬው ከሚሴ ውስጥ ስሙ የተጠራ ባትላሜራ ነው። የተጨረማመተ መኪና ብትሰጡት ቀጥቅጦ፣ ቆርጦ፣ በይዶ አዲስ አስመስሎ ይመልስላችኋል። ሥራውን አልክድበትም፣ እጁ ወርቅ ነው። ሌላ ሌላው ግን ይቅር። እንደተጋባን ግቢያችንን ጋራዥ አደረገው፣ እኔን ደግሞ ያዥ አደረገኝ። እሱ ሲበይድ ብረቱን ቀጥ አድርጌ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ያለን ማስክ አንድ ነው፣ የሚያጠልቀውም እሱ ነው። እኔ ፊቴን ባዞር ባላዞር ግድ አልነበረውም። ዓይኔ አሸዋ የተበተነበት ያህል ሲቆረቁረኝ ጎረቤት ወተት ያንጠባጥብልኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ «ማን እይ አለሽ?» ይለኛል።

አላህ ልጅ አልሰጠንም። አንድ ቀን የመኪና ፓራፋንጎ፣ ያንን የጎማ መከለያ፣ እያስያዘኝ፣ ማስኩን እንኳ ከፊቱ ሳያነሳ፣ «ሁለተኛ ሚስት ላገባ ነው» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ! ነገ ቀለም ልገዛ ነው እንደሚል ሰው። «አግባ» አልኩት፣ «እኔን ግን ፍታኝ» ብዬ ፓራፋንጎውን እግሩ ላይ ለቀቅኩበት። ፍቺያችንን ላዩት ሽማግሌዎች አምልጦኝ ነው ብያለሁ። ምን ያመልጠኛል! ያን ያህል ዘመን ስይዝ አንድ ቀን አምልጦኝ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት የሰፈራችን ሀጂ ናቸው። ጋራዡና ማሽኖቹ ለሱ፣ አሮጌዋ ፒካፕ ለኔ እንድትሆን ወሰኑ። ሁለት ነገርም አከሉበት። አንደኛው፣ ፒካፗን መሸጥ ካማረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ሁለተኛው የላብ ነገር ነው። በኛ ዘንድ አንድ ሰው በሌላው ንብረት ላይ ላቡን ካፈሰሰ፣ ነገ «ድርሻ አለኝ» ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር ይችላል። ስለዚህ ሀጂ «ከዛሬ ወዲያ ማናችሁም በማናችሁም ንብረት ላይ ላብ እንዳታፈሱ» ብለው ፋቲሃ አስቀርተው ቃሉን አሰሩት። እኔም አሚን አልኩ፣ እሱም አሚን አለ። እሱ አሚን ሲል ግን ዓይኑ ፒካፗ ላይ ነበር።

ፒካፗ እንጀራዬ ናት። መንዳት የተማርኩት እሱ የጠገናቸውን መኪኖች እየሞከርኩ ነው፤ ለዚህ እንኳ አላመሰግነውም፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ነው። ከጨፋ ማሳ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኜ ከሚሴ አወርዳለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ የነጋዴ ሴቶችን ዕቃ ይዤ ባቲ ገበያ እወጣለሁ። ቤት ኪራዬም፣ እህሌም፣ ልብሴም ከሷ ነው። እሷ ከቆመች እኔ የወንድሜ ሚስት ፊት የሚገርፈኝ ጥገኛ ነኝ። ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን እሱም ያውቃል።

አንድ ጠዋት ከጨፋ ጭኜ ስመለስ ከኋላ «ቋ!» አለብኝ። ወርጄ ከሥር ገባሁ። መኪናዋን የተሸከመው ሻንሲ፣ ባሌስትራው፣ ያ የኋላ ሞላው፣ ከሚታሰርበት ላይ ተሰንጥቋል። ጣቴን ባስገባው ይገባል። ሽንኩርቱን እዚያው አራግፌ፣ ባዶዋን እንደ አራስ እያባበልኩ ከተማ አስገባኋትና ቀጥታ ወደ በያጆቹ ሰፈር ሄድኩ።

የመጀመሪያው አየና «ይሄማ የሱ እጅ ያረፈበት መኪና ነው» አለኝ። ሁለተኛውም ይህንኑ። ሦስተኛው እጁን እንኳ ከኪሱ አላወጣም። የበያጆች ሥርዓት ነው፤ አንዱ የበየደውን መኪና ሌላው ሳያስፈቅደው አይነካም፣ ቢበላሽ ማን አበላሸው እንዳይባል። ደግ ሥርዓት ነው፣ ለደግ ሰው። ሄደው ቢጠይቁት ምን አለ መሰላችሁ? «አልፈቅድም አላልኩም፤ እስቲ ላስብበት» አለ። ሲያስብ ከረመ! ሲያስብ ፒካፔ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ወጣባት። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሰው ላከብኝ። «ከደከመሽ በብረት ሒሳብ እወስድልሻለሁ» ይላል መልእክቱ።

ደሜ ፈላ። ኮምቦልቻ ወስጄ ላስበይዳት ብል በዚያ ስንጥቅ ዳገቱን አትወጣም፣ መንገድ ላይ ትገነጠላለች። ማሽን ተሸክሞ የሚመጣልኝ ሰው ላፈላልግ ብል የጠየቅኩት ሁሉ ዘመዱ ወይ ወዳጁ ሆኖ ተገኘ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ በማልቀሴ ተናደድኩ። ብየዳ ለማየት ከኔ በላይ ማን ቀርቦ ነበር? ራሴ እበይዳታለሁ አልኩ።

ከሚሴ ካለው የማሽን መደብር ገባሁ። ሻጩ ስልኩን እየነካካ «ምን ልታዘዝ?» አለኝ። የብየዳ ማሽን ስለው ቀና እንኳ ሳይል «ባልሽን ላኪው» አለኝ።

«ባል የለኝም።»

«ወንድምሽን ላኪው እንግዲህ።»

«ወንድሜ የብየዳ ማሽን ከወፍጮ አይለይም። አንተስ ትለያለህ?» አልኩት። ያኔ ቀና አለ።

ሦስት ዓይነት አሳየኝ። አንደኛው ሽቦ እየተፋ ከጋዝ ጋር የሚበይደው፣ በያጆች ሲኦቱ የሚሉት ነው። ለስስ ላሜራ፣ ለበርና ለፓራፋንጎ እሱን የሚያህል የለም፤ ነገር ግን የጋዝ ሲሊንደሩን ማን ይሞላልኛል? ደሴ ድረስ ተሸክሜ ልመላለስ ነው? ሁለተኛው ያ ድሮ የማውቀው፣ ሆዱ የመዳብ ጥቅል የሆነው ከባዱ ማሽን ነው። የቀድሞ ባሌ የሚሠራው በሱ ነው። ቢጥሉት አይሞትም፣ ግን ሲነሳ የሰፈሩን መብራት ሁሉ ይስባል። ሦስተኛው በአንድ እጅ የሚንጠለጠለው፣ መብራትም ብዙ የማይስበው ትንሹ ኢንቨርተር ነው። ሻጩ «ይሄ ለሴት ይሆናል» አለኝ። ወላሂ እዚያው በራሱ ማሽን ራሱን ልለው ነበር! ልገዛው የነበረውን ዕቃ አስጠላኝ። ትቼለት ወጣሁ።

ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ጦርነት። ግቢው የኪራይ ነው፣ ቆጣሪው ለሁላችንም አንድ ነው፣ ባለቤቲቱ ደግሞ ፍሪጅዋን ከነፍሷ አስበልጣ የምትወድ ሴት ናት። «ብየዳ? እዚህ? በኔ ቆጣሪ?» እያለች ጮኸች። «ፍሪጄ ከተቃጠለ አንቺን ነው እዚያ ውስጥ የምከትሽ!» አለችኝ። እኔም ጮህኩ። ሁለታችንም ድምፃችን ሲዘጋ ተስማማን፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ብቻ፣ ፍሪጇ ተነቅሎ፣ ከዚያ ውጪ ከነካሁ ዕቃዬን ይዤ ልወጣ። በዚህ አንድ ነገር ተቆረጠልኝ። ከባዱ ማሽን ለኔ አይሆንም። ሻጩ ለስድብ ብሎ የነገረኝ ነገር እውነት ሆኖ መገኘቱ ይበልጥ አንገበገበኝ።

ሰኞ ጠብቄ፣ ዕቃቸውን ከምጭንላቸው ነጋዴ ሴቶች ጋር በሰው መኪና ተሳፍሬ ባቲ ሄድኩ። በዘንቢሌ ሁለት ነገር ይዣለሁ። አንዱ ከወዳደቀ ሻንሲ የተቆረጠ ወፍራም ብረት ነው፣ ሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ኤሌክትሮድ ነው፣ ማሽኑ እያቀለጠ የሚያጣብቅበት ዘንግ ማለት ነው። ሴቶቹ «ብረት ልትቀቅዪ ነው?» እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።

የባቲ ገበያ ያን ቀን ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። ከግመሎቹ ተራ አልፎ፣ የስልክ ቻርጀርና ፓውዛ ከሚሸጥበት መደዳ አንድ ነጋዴ ኢንቨርተሮችን እንደ ሐብሐብ ደርድሯል። «አካም ጂርታ?» አለኝ፣ «ፈያ» አልኩት። ከሰላምታው ወዲያ ያለው ሁሉ ግን ጥል ነበር።

መጀመሪያ ማሽኖቹን እያነሳሁ ክብደታቸውን አወዳደርኩ። በላያቸው ላይ የተጻፈው ጉልበት እኩል ነው፣ አንዱ ግን ላባ ነው። ሆዱ ባዶ ነው ማለት ነው። «ጎመን ነው እንዴ የምትመዝኚው?» አለኝ። «ጎመንማ የተጻፈበትን አይዋሽም» አልኩት። ቀጥዬ የገመዱን ጫፍ በጥርሴ ላጥኩት፤ በውጭ መዳብ የመሰለው በውስጥ ነጭ ሆኖ ተገኘ፣ የተቀባ አልሙኒየም። «ኧረ አላህን ፍራ!» አልኩት። ሌላ አመጣ። እሱንም ላጥኩት። ሲያመጣ ስልጥ፣ ሲያመጣ ስልጥ፣ ሰው ተሰበሰበ። ነጋዴው «ዕቃዬን በላችው!» እያለ ጮኸ፣ ከተሰበሰበው ግማሹ ለሱ፣ ግማሹ ለኔ ይፈርዳል።

በመጨረሻ እውነተኛ መዳብ ያለው ገመድና ከበድ ያለ ማሽን ተገኘ። «ሰካው» አልኩት። «አይሰካም፣ አዲስ ነው» አለኝ። «ካልሰካኸው ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ ሰፈሬ ሞልቷል።» ከጎኑ ካለው ሻይ ቤት ገመድ ተስቦ ተሰካ። ያመጣሁትን ብረት መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ማስክ ተውሼ ኤሌክትሮዱን አስነሳሁት። ሻይ ቤቱ ውስጥ መብራቱ ፈዘዝ አለ፣ የማሽኑ እሳት ግን አልሞተም። እኔ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር፤ የኛ ሰፈር መብራት ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ይደክማል፣ ደካማ መብራት የማይችል ማሽን ለኔ ጌጥ ነው። ከዚያ መዳፌን ከኋላው ደቅኜ ማራገቢያው በደንብ እንደሚነፍስ አየሁ፣ በኛ ቆላ ማራገቢያው የደከመ ማሽን ግሎ ይቆማልና። ነጋዴው ብግን ብሎ «ሴትዮ፣ ልታገቢው ነው ወይስ ልትገዢው?» አለኝ። «ላገባው ቢሆንማ እንዲህ አልመርጥም ነበር» አልኩት። ሰው ሁሉ አውካካ፤ እኔ ግን ከልቤ ነው የተናገርኩት።

ማሽኑን ከነማስኩ ገዝቼ ተመለስኩ፤ ወዲያው ግን ሻንሲውን አልነካሁም። ያን ያህል ጅል አይደለሁም። መጀመሪያ የተሰበረ የአልጋ ብረት ላይ ተለማመድኩ። ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ አስለቀሰኝ። ሌላ ሰው ሲይዘው ቀላል የሚመስል ነገር በገዛ እጄ ሲሆን ሰይጣን ነው። ፍሪጇ በተነቀለ ቁጥር ባለቤቲቱ በረንዳ ላይ ቆማ ትረግመኛለች፤ እኔም ከማስኩ ሥር ሆኜ እመልስላታለሁ።

እጄ ሲረጋ የፒካፗን ባትሪ ፈታሁ፣ በክሪክ አንስቼ ድንጋይ ደገፍኩባት፣ ዝገቱን እስኪያበራ በግራይንደር ፋቅሁት፣ ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በይጄ በላዩ ወፍራም ብረት ለጠፍኩበት። በጀርባ ተኝቶ ወደ ላይ መበየድ የፈጣሪ ቁጣ ነው። የቀለጠው ብረት አንገቴ ውስጥ ይገባል፣ ሻሼን በሳው፣ ክንዴን ተለበለብኩ። ማሽኑ ሲግል ራሱ ይጠፋል፤ እሱ ሲያርፍ እኔም እዚያው ተኝቼ እሱን ሰውዬ እሰድባለሁ። ሲያልቅ መልኩ አያስቀናም፤ በመዶሻ ብለው ብለው ግን ንቅንቅ አላለም። አልሀምዱሊላህ ብዬ እዚያው ከሥሯ ተጋድሜ ሳቅሁ።

ጫንኩ፣ ነዳሁ፣ ባቲም ወጣሁ፣ ያዘ። ታዲያ አንድ ቀን በያጆቹ ሰፈር ጎማ ላስነፋ ቆሜ ሳለሁ፣ ያ እጁን ከኪሱ ያላወጣው በያጅ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና ፊቱ በራ። «ማሻአላህ፣ ታረቃችሁ ማለት ነው!» አለኝ።

«ከማን ጋር?»

«ይሄ የማን ቋጠሮ ነው ታዲያ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የቀድሞ ባሌ ብየዳውን ሲጨርስ ዝም ብሎ አያቆምም፤ መለስ ይልና ትንሽ ቋጠሮ ጥሎ ያበቃል። ጫፉ እንዳይሰነጠቅ ነው። ከተማው ውስጥ እንዲያ የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም፣ እንደ ፊርማው ነው የሚያውቁት። የኔም ብየዳ በየጫፉ ያ ቋጠሮ አለበት። አላህ ምስክሬ ነው፣ አስቤ አላደረግኩትም። ብየዳ ሌላ አጨራረስ እንዳለው መች አየሁና!

ወሬው እኔ ቤት ሳልደርስ እሱ ከሚቅምበት በርጫ ደረሰ። እሱስ አልበየድኩም አለ? የለም! ጫቱን እያላመጠ «ምን ላድርግ፣ አሳዘነችኝ፣ ጠገንኩላት» አለ። በማግስቱ ደግሞ ጨመረበት፤ «እንግዲህ ላቤ ስላለባት ፒካፗ የሁለታችንም ናት» አለ። በብረት ሒሳብ ሊገዛ ያሰባትን አሁን በአፉ ሊወስዳት! ሀጂ ቤት የሄድኩት በነጠላ ጫማ ነው፣ የነዳሁበትን መንገድ አላስታውስም። «ሽማግሌዎቹን ሰብስቡልኝ፣ ግቢዬ ይምጡልኝ፣ እሱም ይምጣ» አልኳቸው።

ከዙህር በኋላ መጡ። ሰሌን አነጠፍኩላቸው። ሀጂ ዱአ አድርገው ወደ እሱ ዞሩ።

«ዱጋ ዱበዱ» አሉት፣ «እውነቱን ተናገር። ይህን መኪና በይደሃል?»

«ሥራው ይናገራል፣ ሀጂ። ዓይን ያለው ይየው።»

«ወላሂ በል እንግዲህ።»

«ለብረት ምን ያስምላል? ቋጠሮውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል» አለ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ እያጎነበሱ አዩ፣ ተያዩም። አንዱ «የሱ ነው እንጂ» ሲል ሰማሁት።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ከባለቤቲቱ ቤት ፍሪጁን ራሴ ገብቼ ነቀልኩት፣ ማሽኑን ሰካሁ፣ ማስኬን አጠለቅሁ። የተረፈኝን ብረት ከፒካፗ ጎን መሬት ላይ አድርጌ፣ ከሽማግሌዎቹ ጫማ ብዙም ሳልርቅ፣ «ፊታችሁን አዙሩ» ብዬ በየድኩ። ጫፍ ስደርስ እጄ ራሱ መለስ አለና ቋጠረ። ዝቃጩን በመዶሻ አራግፌ ሀጂ ፊት አቀረብኩት። ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው አንዴ መሬት ያለውን፣ አንዴ የፒካፗን አዩ።

እሱ ፊቱ ጠቆረ። ብድግ አለና «እኔ አላስተማርኳትም!» ብሎ ጮኸ። «አንድ ቀን ኤሌክትሮድ አስይዣት አላውቅም! ሰርቃ ነው!»

ሀጂ መነጽራቸውን አወለቁ። «ካላስተማርካትና ካልበየድክ ላብህ ከየት ገባ?» አሉት። «ፒካፗ የሷ ናት። ዛሬ የታሰረ ነገር ነው፣ ማንም አይፍታው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁሉም አሚን አለ።

ሊወጡ ሲነሱ እሱ በሩ ላይ ቆመ። ወደ እኔ ዞሮ «መኪናሽን ያዢ» አለኝ፣ «ቋጠሮው ግን የኔ ነው። አጥፊው።»

ግራይንደሩን አነሳሁና ዘረጋሁለት። «ና፣ ራስህ ፍቀው።»

ሊቀበለኝ አንድ እርምጃ መጣ። ሀጂ በከዘራቸው መንገዱን ዘጉበት። «ከነካህማ ላብህ ይገባበታል፣ አሁን ያሰርኩትም ይፈታል። በል ውጣ» አሉት።

ቆሞ ግራይንደሩን ያየዋል፣ ፒካፗን ያያታል። «እንግዲህ በአጠገብህ ባለፍኩ ቁጥር እያየኸው ኑር» አልኩት፣ በሩንም ከኋላው ዘጋሁበት።